የወርቅ እንጆሪ

«የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ይባላል። ሆሊውድ ግን ሞኝ አይደለም፤ መልሶ መላልሶ የሚያለቅሰው ለቅሶው ስለሚሸጥለት ነው። አንድ ፊልም ገበያ ከቀናው ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እያለ ይቀጥላል። ተከታይ ካልተገኘለት ደግሞ ያንኑ የድሮ ፊልም እንደገና ይሠሩትና አዲስ ነው ብለው ትኬት ይቆርጡበታል። ይህን አመል በሽልማት የሚቀጣ አንድ ድግስ አለ። አዎ፣ በሽልማት!

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ማርች 31 ቀን 1981 ጆን ዊልሰን የሚባል የፊልም ማስታወቂያ ጸሐፊ፣ ኦስካርን በቴሌቪዥን አብረውት እንዲያዩ ወዳጆቹን ሆሊውድ ከሚገኘው ቤቱ ጋበዘ። ኦስካሩ ሲያበቃ ሳሎኑ ውስጥ በካርቶን መድረክ ሠርቶ የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች ይሸልም ጀመር። ስሙንም «የወርቅ እንጆሪ» አለው። በእንግሊዝኛ «እንጆሪ መንፋት» ማለት ምላስን በከንፈር መሃል አውጥቶ «ፕርርር» እያሉ መሳለቅ ነው። ሽልማቱ የጎልፍ ኳስ የምታክል፣ ወርቃማ ቀለም የተነፋባት እንጆሪ ናት። ዋጋዋ? 4 ዶላር ከ97 ሳንቲም!

የቪዲዮ ቤት ዘመን ልጆች ራምቦን መቼም አይረሱትም። በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ መግቢያ ያጣ፣ መንፈሱ የቆሰለ ወታደር ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ያ ጎልማሳ በቀድሞ አዛዡ ፊት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። በ1985 ክፍል ሁለት መጣ። ለቅሶው ቀረ፤ ጡንቻውና መትረየሱ ተረፈ። በዓለም ዙሪያ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ፣ እንጆሪው ደግሞ «የዓመቱ መጥፎ ፊልም» አለው። ገበያው አልሰማም። በ2019 አምስተኛው ራምቦ ወጣና በተከታታይና በዳግም ሥራዎች ዘርፍ ሌላ እንጆሪ ወሰደ።

በዚሁ ዘርፍ በ1998 ፊልሞች መካከል ሦስት አሸናፊዎች እኩል ወጡ። አንዱ «ጎድዚላ» ነበር። ጃፓኖች ይህን አውሬ የፈጠሩት በ1954፣ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በነደዱ በ9 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ በፓስፊክ ባደረገችው የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች በጨረር ተጎድተው ነበር። አውሬውን ከባሕር ያስነሳውም የሃይድሮጅን ቦምብ ነው። አሜሪካኖቹ በ1998 እንደገና ሲሠሩት ግን ጥፋተኛው የፈረንሳይ የኒውክሌር ሙከራ ሆኖ አረፈው! እንግዲህ ዳግም ሥራ እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ ውበት ብቻ ሳይሆን ትዝታም ይሰርቃል። እንዲህ ያለውን ኃይለኛ በ5 ዶላር እንጆሪ መሸንቆጥ ደግ ሥራ ነው።

ችግሩ ሳቂውም መልሶ መላልሶ መሳቁ ነው። ለእንጆሪው ድምፅ የሚሰጡት የአባልነት ክፍያ የከፈሉ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙን ማየት ግዴታቸው አይደለም። ስለዚህ ጣታቸው ቀድሞ ስሙ ወደተነሳው ይቀሰራል። በ1999ኙ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም የተጫወተ የ10 ዓመት ልጅ ከመጥፎ ተዋንያን ተርታ ታጭቶ ነበር። በ2023 ደግሞ፣ የ1984ቱ «ፋየርስታርተር» እንደገና ሲሠራ የተወነች የ12 ዓመት ልጅ «የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት» ተብላ ታጨች።

ፊልሙ ዳግም ይሠራ ያለችው እሷ ናት? ገንዘቡን ያወጣችው፣ ድርሰቱን የጻፈችው እሷ ናት? የወሰኑት ሰዎች ፊት ለመቆም ድፍረት ያስፈልጋል፤ በልጅ መሳቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

ደግነቱ ቁጣው ወዲያው መጣ። ዊልሰን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የልጅቱ ስም ከእጩነት ወጣ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ከእንግዲህ እንዳይታጭ ተወሰነ። በእሷ ቦታ አዘጋጆቹ ራሳቸውን አጩ፤ ድምፅ ሲቆጠርም አሸነፉ። የሌላውን ጥፋት ሲቆጥር የኖረ ቤት አንድ ቀን የራሱንም ቆጠረ። ኃይለኛውን ስቱዲዮ ሲሸነቁጥ ያስከበረችው ያቺ የ4 ዶላር ከ97 ሳንቲም እንጆሪ ያን ዕለት ወደ ትክክለኛው ቤት የገባች ይመስለኛል።