ሉቺያኖ፣ የመሐል ሜዳው አምበል

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የገጠመቻት፣ ቀደም ሲል የተካሄዱትን ሁለቱን ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደችው ግብፅ ነበረች። የዚያን ጊዜ መጠሪያዋ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር። እንግዶቹ በባደዊ ጎል ቀደሙ። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ ቢያደርግም፣ የሕዝቡ እልልታ ገና ሳያባራ ባደዊ ደገመ። እንዲህ ያለው ጎል ጉልበት ይሰብራል። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኳሷን ከመረብ ያገናኘው የመሐል ሜዳው ሰው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ስሙን ልብ በሉልኝ። ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር ተወለደ። ሁለት ወር ሳይሞላው የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ እንዳይል ከለከለ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን የሰጡት እንግዲህ፣ እርሳቸውን ለስደት የዳረገው ሠራዊት አባል ለነበረ ሰው ልጅ ነው። ይህን ትዕይንት ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ "አበዛው" ባልነው ነበር።

በእኛ በጊምቢቹ ኳስ የሚወድ ሁሉ ስለ ሆላንዱ ሩድ ጉሊት መስማቱ አይቀርም። አባቱ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከሱሪናም የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአምበልነት የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣ አማካይ ነው። አውሮፓ ያንን በመገረም ስትመለከት፣ አዲስ አበባ ከእርሷ 26 ዓመት ቀድማ ነበር። ልዩነቱ ግን ይሰማኛል። ጉሊት የገዢዎቹን አገር ማልያ ለበሰ፤ ሉቺያኖ የተወረሩትን።

ከድሉ በኋላ ዓመት እንኳ አልሞላም። በኅዳር 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። ሉቺያኖ ግን ለድሬዳዋው ኮተን ሲጫወት ቆይቶ፣ በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ዳግም በአዲስ አበባና በአስመራ ሲስተናገድም ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታ። በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል።

በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወደ ጣሊያን፣ ወደ አባቱ ምድር ተሰደደ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ያረፈውም እዚያው ነው። የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ አሳትሟል። ርእሱ "እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውና" እንደ ማለት ነው። ቋንቋው የአባቱ፣ ጥሪው የእናቱ።