የጎጃም ምሽጎችና የጌዴዎን ጭፍራ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ያለችው ደብረ ኤልያስ የምትታወቀው በቅኔ ጉባኤዋ ነው እንጂ በግንብ አይደለም። ነገር ግን ጠላት ጎጃምን በያዘ ዘመን ከቡሬ በደንበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ በምሽግ አጥሮት ነበር። በ1930 ዓ.ም. ሕዝቡ ከተነሣ ወዲህ ግን ምሽጉ የገዢ ቤት መሆኑ ቀርቶ የእስረኛ ቤት መሰለ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለው አገር የነነጋሽ በዛብህ፣ የነመንገሻ ጀምበሬ፣ የነበላይ ዘለቀ ነበረና። በደብረ ኤልያስ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው በጣሊያን አገር በግዞት ሲኖሩ፣ አሳሪዎቻቸውም በጎጃም በገዛ ግንባቸው ታስረው ነበር።

ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በኦሜድላ ገቡ። እንግሊዛዊው ዊንጌት ጭፍራውን በጌዴዎን ስም ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ምክንያቱን አያጣውም፤ 300 ሰዎች ቀንደ መለከትና በማሰሮ የተሰወረ ችቦ ይዘው የምድያምን ሰፈር በሌሊት አሸበሩ። የዊንጌትም ሱዳኖችና ኢትዮጵያውያን ከ2 ሺህ ብዙም የማይበልጡ፣ መድፍም የሌላቸው ስለ ነበሩ፣ በጨለማ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠጉ የእጅ ቦምብ ይወረውሩ ነበር። የቡሬ ምሽግ የካቲት 25 ቀን ተለቀቀ።

ብዙ ደም የፈሰሰው ግን በግንብ ሥር አይደለም። ከቡሬ የወጣው ጦር በሁለተኛው ቀን በደንበጫ አጠገብ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ በመንገዱ ላይ አገኘው። ሻለቃው በቍጥር እጅግ ያነሰ ሳለ ቆሞ ተዋጋ፤ ብዙ ገደለ፣ ብዙም ሞተበት፤ ጠላትም ጥሶ አለፈ። የውጭ አገር መጻሕፍት የጎጃምን ድል ለዊንጌት ብልሃት ብቻ መስጠት ይወዳሉ። ብልሃቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አርበኛው አስቀድሞ ሦስት ዓመት ያላስጨነቀውን ምሽግ በሌሊት ጩኸት ብቻ ማን ያስለቅቀው ነበር?

በመጋቢት መጨረሻ ጠላት ደብረ ማርቆስንም ለቀቀ፤ ቀድሞ የጎጃም ገዢ የነበሩት፣ በኋላ ከጠላት ጋር ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በምሽጉ ቀሩ። በኒቆዲሞስ እሑድ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ሲገቡ ራስ ኃይሉ መጥተው እጅ ነሡ። ዓባይን ተሻግሮ የሸሸው የደብረ ማርቆስ ጦርም፣ ከለላ የሚሆነው ግንብ አጥቶ በተራራ ላይ ሲዋጋ ሰንብቶ፣ ግንቦት 15 ቀን ለዊንጌት እጁን ሰጠ።