ሲኒማ ቤቱን ማን ባዶ አደረገው?

የእኛ ክረምት ለእንግሊዞች በጋ ነው፤ የዓለም ዋንጫም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1966 እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን በዌምብሌይ 4 ለ 2 ስትረታ፣ በብሪታንያ ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ነበር። ታዲያ በዚያ ሰዓት ማን ሲኒማ ይገባል?

ግን ጥፋቱን ሁሉ በኳስ እናላክክ? አይሆንም! በ1946 የብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች 1,635 ሚሊዮን ተመልካች አስተናግደው ነበር፤ በ1966 የገባው 289 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህ የሃያ ዓመት ቁልቁለት እንጂ የአንድ ዋንጫ ሥራ አይደለም። ዋንጫው በሦስት ሳምንት አለቀ፤ ሳሎን የገባው ቴሌቪዥን ግን እዚያው ቀረ።

እንዲያውም ኳስ ለሲኒማ ውለታ ውሏል። ቴሌቪዥኑ በጥቁርና ነጭ ያሳየውን ውድድር፣ «ጎል!» የተሰኘው ፊልም በዚያው ዓመት በቀለም ለሲኒማ ቤት አቀረበው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦ ኳስ ተመልካችን ለጥቂት ቀን ይዋሳል፤ ቴሌቪዥን ግን ወስዶ ያስቀራል።