የጂኦግራፊ ትምህርት «ቅርብ» የሚለው የቱን ነው?

«የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ፍልስፍና አለው እንዴ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ አዎ፣ አለው። ዕድሜውም ከ200 ዓመት በላይ ነው።

ፔስታሎዚ የሚባል የስዊዘርላንድ መምህር ነበር (እ.ኤ.አ. 1746–1827)። በዘመኑ ጂኦግራፊ ማለት በአብዛኛው የአገርና የከተማ ስም መሸምደድ ነበር። እሱ ግን ኢቨርዶን በሚገኘው ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አቅራቢያው ወዳለ ሸለቆ ይልካቸዋል፤ ሸለቆውን በደንብ ያያሉ፣ ጭቃ ይዘው ይመለሳሉ፣ ያዩትን በጭቃው ይሠሩታል። ካርታ የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 ትምህርት ቤቱን የጎበኘው ጀርመናዊው ካርል ሪተር ኋላ ከዘመናዊ ጂኦግራፊ መሥራቾች አንዱ ሆነ። «ከቅርብ ወደ ሩቅ» የምንለው መርህ ይኸው ነው።

እኛም ዘንድ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ይህንኑ መንገድ ያዘ። መጀመሪያ የአካባቢ ሳይንስ፣ ቀጥሎ የኅብረተሰብ ትምህርት፤ ጂኦግራፊ በራሱ ስም የሚመጣው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የቴምስን ስም እየሸመደዱ የደጅን ወንዝ ከመዘንጋት በብዙ ይሻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፔስታሎዚ «ቅርብ» ያለው ሸለቆውን ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ቅርብና ሩቅ የሚለካው በመዋቅር ሆነ፦ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል። መሬት ደግሞ መዋቅር አታውቅም።

እስቲ አዋሽን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል፤ ቆቃን አልፎ፣ ስምጥ ሸለቆን ተከትሎ አፋር ይገባል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አፋር ላይ ጎርፍ ሲመጣ እዚያ ጠብታ ላይዘንብ ይችላል፤ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ታዲያ ለአሳይታ ልጅ የሸዋ ክረምት ሩቅ ነው? ቤቱ ድረስ የሚመጣ ነገር እኮ ነው! የደጋው ገበሬ ማሳ ሲሸረሸርም አፈሩ ሄዶ ቆቃን ይሞላል።

ቅርብን በወሰን ብቻ ያስተማርነው ልጅ፣ ከወሰኑ ማዶ ያለውን ሰው እንደ ባዕድ ቢያይ ምን ይገርማል?

መምህራን የሆናችሁ፦ መጽሐፉ ወረዳውን ይቁጠር፣ እናንተ ወንዙን ተከተሉ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ በሰፈራችሁ የሚያልፈው ወንዝ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።