ብርሃን ያጠወለገውን ቆዳ በብርሃን ማደስ

በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ብርዱን በበርኖስ ይከላከላል፤ ፊቱና እጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለፀሐይ እንደተጋለጡ ናቸው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የጨረሩን ኃይል ልብ አይለውም። ዳሩ ግን የምድር ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ይኸው ጨረር ከዓመታት በኋላ ኮላጅን የተባለውን የቆዳ ማገር ይሰባብራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኒን የተባለው ቀለም ስለሚከላከል መጨማደዱ ይዘገያል፤ ቀድሞ የሚታየው የመልክ መዥጎርጎር ነው።

ይህን የመሰለውን ጉዳት በሌዘር የማደስ ታሪክ የተጀመረው ከደጋችን ርቆ በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በ1963 የቆዳ ሐኪሙ ሊዮን ጎልድማን ጥቁር ቀለም ያለው የቆዳ ክፍል ጨረሩን አብልጦ እንደሚስብ አስተዋለ። በ1964 ኩማር ፓቴል የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሌዘር ሠራ፤ የዚህን ጨረር ኃይል የሚውጠው በቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የጨረሩን ሞገድና የቆይታ ጊዜ በመምረጥ፣ ዙሪያውን ሳይጎዱ የተፈለገውን ክፍል ብቻ ማሞቅ እንደሚቻል አስረዱ። በ1990ዎቹ ዓመታት የላይኛውን ቆዳ በዚሁ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ገፎ አዲስ ቆዳ እንዲተካ ማድረግ ተስፋፋ። መጨማደዱ ቀነሰ፤ ነገር ግን የፊት መቅላት ለወራት ይቆይ ነበር፤ ቆዳው ነጥቶ የቀረም አልታጣ። ስለሆነም በ2004 ጨረሩን በጥቃቅን ነጠብጣብ ከፋፍሎ መካከሉን ጤናማ የሚተው ዘዴ ቀረበ።

ለእኛ ቁም ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ ሲመድብ መጀመሪያ ያወጣቸው 4 ክፍሎች ሁሉም የነጮች ነበሩ፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ 5ኛና 6ኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። ጎልድማን ያስተዋለው ነገር በእኛ ቆዳ ላይ አደጋ ይሆናል፤ ለሌላ የታሰበውን ጨረር በላይኛው ቆዳ ያለው ሜላኒን ይውጠውና ያቃጥላል፤ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማዲያትም በሌዘር ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ለብዙ ሕክምና ሜላኒን እምብዛም የማይውጠው፣ 1,064 ናኖሜትር የሆነው ረጅም ሞገድ ይመረጣል፤ ኃይሉ ይቀነሳል፤ አስቀድሞም በትንሽ ቦታ ላይ ይሞከራል።

ዛሬ በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ክሊኒኮች የሌዘር ሕክምና ይሰጣሉ። መሣሪያው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ የታሪኩ ማስጠንቀቂያም አብሮት ሊመጣ ይገባል። ደግሞም የታደሰ ቆዳ ያለ መከላከያ ወደዚያው ፀሐይ ከተመለሰ ድካሙ ከንቱ ነው። ለከተሜው ታካሚም ሆነ ለመንዙ ገበሬ፣ ከሁሉ አስቀድመን ልናዝዝ የሚገባን ባርኔጣና ጥላ ነው።