የአንድሮሜዳ ጋላክሲን ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት

አንድሮሜዳ ጨረቃ በሌለበት ጨለማ ሌሊት ያለ መሣሪያ በዓይን ከሚታዩ ጥቂት ጋላክሲዎች አንዱ ነው። ቅርጹ ጠመዝማዛ ሲሆን ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዛሬ ካሜራችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጉዞ የጀመረው ያን ያህል ዓመት በፊት ነው ማለት ነው።

ይህን ጋላክሲ በጽሑፍ በመመዝገብ ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቁ አብዱረህማን አስ-ሱፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ በኢስፋሃን ባዘጋጀው የቋሚ ከዋክብት ኪታብ እንደ ትንሽ ደመና ገልጾታል። ቴሌስኮፕ ገና ስላልነበረ ያየው በዓይኑ ብቻ ነው። ጠመዝማዛ ቅርጹን በግልጽ ያሳየው ግን አይዛክ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1888 በእንግሊዝ አገር ያነሳው ፎቶ ነው።

መሣሪያ፦ ብዙ ጀማሪዎች ትልቅ ቴሌስኮፕ ካልገዛን አይሆንም ብለው ገንዘባቸውን ያባክናሉ። አንድሮሜዳ ግን በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስድስት እጥፍ ያህል ስለሚረዝም ትልቁ ቴሌስኮፕ መሐሉን ብቻ ያሳያል። የትኩረት ርቀቱ ከ300 እስከ 500 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ወይም ሌንስ ይበቃል። ገንዘብ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማቆሚያው ነው። ምድር ስለምትዞር ከዋክብትን የሚከተል ሞተር ከሌለው ከዋክብቱ መስመር ሆነው ይወጣሉ። ማቆሚያው የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው። ይህ ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚሆን ኮረብታ ወይም ሕንፃ የማይጋርደው ቦታ እንምረጥ። ሞተር የሌለው ሰው በተራ ትራይፖድና በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ እያነሳ መጀመር ይችላል።

ጊዜ፦ የጨረቃ ብርሃን ደብዛዛውን የጋላክሲውን ጠርዝ ያጠፋዋል። የሂጅራ አቆጣጠርን ለምንከታተል ሌሊቱን መምረጥ አያስቸግርም፤ የወሩ የመጨረሻና የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ይመረጣሉ፤ አያመል ቢድ የምንላቸው 13፣ 14 እና 15 ግን አይሆኑም። የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ፣ በኅዳር ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ጋላክሲው በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከከተማ መብራት መራቅ ውድ ሌንስ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

አነሳስ፦ ፎከሱን በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ እናስተካክል። አይኤስኦውን 1600 አድርገን፣ ሞተር ባለው ማቆሚያ የ60 ሰከንድ ፎቶ 60 ጊዜ እናንሳ፤ ፋይሉንም በጄፔግ ሳይሆን በሮው እናስቀምጥ። በመጨረሻ ሌንሱን ከድነን በተመሳሳይ ሰከንድ 20 ያህል ጥቁር ፎቶ ማንሳት የካሜራውን ጉድፍ ለመቀነስ ይረዳል። ሲሪል የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁሉንም ደራርቦ አንድ ያደርጋቸዋል።

አንዱን ፎቶ ብቻ አይቶ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። በአንዱ የሚታየው ደመና መሰል ነገር ነው፤ ጠመዝማዛው የሚወጣው ሁሉም ሲደራረቡ ነው።