የአርተር ራምቦ ቤት ሙዚየም በሐረር ጁገል

በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት በፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ስም የሚጠራ ሙዚየም ነው። ራምቦ (1854–1891 እ.ኤ.አ.) ግጥም መጻፍ ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ1880 እ.ኤ.አ. የቡና ንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። በተለያዩ ጊዜያት እየተመላለሰ ነግዷል፤ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ጠመንጃ አቅርቧል። በ1891 እ.ኤ.አ. ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ አረፈ።

ጎብኚው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ። አሁን የሚታየው ሕንፃ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ በመሆኑ፣ ራምቦ የኖረበት ቤት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ይህም የቤቱን ዋጋ አይቀንሰውም። ባለቀለም የመስኮት መስታወቶቹና ሥዕል ያረፈበት ጣሪያው የዘመኑን የሐረር ነጋዴዎች ኑሮ ያሳያሉ። በውስጡ ከቀረቡት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች መካከል ራምቦ ራሱ ያነሳቸው ይገኙበታል፤ ከላይኛው ፎቅም የጁገል ጣሪያዎች ይታያሉ።

ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአየር የሚመጡ መንገደኞች ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛሉ። የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ ወደ ሙዚየሙ የሚደረሰው በእግር ነው። ብዙዎቹ የመኖሪያ ግቢዎች በመሆናቸው፣ ሰውንም ሆነ ደጃፍን ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።